ባለደሞች በአንድ ስልክ

እታፈራሁ የአክስቴ ልጅ ናት። ዛሬ ኦቶና ሰፈር በተከራየችው አንድ ክፍል ብቻዋን ትኖራለች፤ ፍርድ ቤት ለሚመላለሱ ሰዎች በኮምፒውተር ማመልከቻ ትጽፋለች፣ በስምንት ጣት። ስለ እሷ ሶዶ ውስጥ ብዙ ይወራል። ሃይማኖቷን ለወጠች የሚል አለ፣ አበደች የሚል አለ፣ ወንድሟን ሸጠች የሚልም አለ። ከሚያወሩት አንዳቸውም በዚያ ቀን በዴሳ እኔ ቤት አልነበሩም። እኔ ግን ነበርኩ፤ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ያየ ሰው መኖሬን አይጠራጠርም። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልናገረው፤ የሚሰማ ይስማ፣ የማይሰማም ወሬውን ይቀጥል።

ስሜ ትዕዛዝ ነው። በዴሳ ከተማ ዳር እህል እነግዳለሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከደላላ መጨቃጨቅም ሌባ ማባረርም የእኔ ሥራ ሆነ። አንድ ክረምት ጆንያዎቼን ከነባቄላቸው ስለሰረቁኝ፣ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «ትዕዛዝ እህል በዴሳ» ብዬ አስጻፍኩ። ገበያተኛው ሳቀብኝ፤ እኔ ግን ኮራሁበት። ትዕቢት ጥፋትን ትቀድማለች የሚለውን ቃል ቤተክርስቲያን ውስጥ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ጆንያ ላይም ይሠራል ብዬ ግን አልገመትኩም።

እታፈራሁ ያኔ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአንድ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ቁጡ ናት። ደመወዝ የዘገየበት መምህር ሁሉ እሷ ዘንድ ሄዶ ሲጮህ፣ ከእሱ ብሳ ጮኻ ትመልሰው ነበር። የምትስቅለት ሰው አንድ ብቻ ነው፣ የላቦራቶሪው ረዳት ጌታሁን። ስድስት ዓመት ሙሉ ምሳቸውን ከአንድ ሳህን በሉ። ይጋባሉ ይባል ነበር። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ጠይቄያት «ዳጣ ስለማበዛለት ነው የሚወደኝ» ብላ አሾፈችብኝ።

በዚያው ክፍል ዶክተር ሱኒል የሚባሉ ህንዳዊ መምህር ነበሩ። የቡድሃ እምነት ተከታይ ናቸው። በምሳ ሰዓት ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ትንፋሻቸውን ሲያዳምጡ ይቆያሉ። እታፈራሁና ጌታሁን መጀመሪያ ሊቀልዱባቸው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ኋላ ግን ለመዱት። ዶክተሩ ውላቸው አልቆ አገራቸው ሲገቡ የሁለቱንም የስልክ ቁጥር ይዘው ሄዱ። ነገራችን ሁሉ ከዚህ ተያይዞ የመጣ ነው።

በ2010 ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ የእታፈራሁ ታናሽ ወንድም ሀብታሙ የጌታሁንን ታናሽ ወንድም ክብረትን ገደለው። ሁለቱም ወደ ሻንቶ የሚጭኑ የባጃጅ ሾፌሮች ነበሩ። ክብረት ተራ ሳይደርሰው ዶሮ የያዙ ሁለት ሴቶች ጫነ። ሀብታሙ መንገድ ዘጋበት። ክብረት ወርዶ በጥፊ አጮለው። ሀብታሙ ከመቀመጫው ሥር የጎማ መፍቻ ብረት አውጥቶ ከጆሮው በላይ አንድ ጊዜ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። ክብረት ተመልሶ ባጃጁ ላይ ወጣ፣ አስነሳ፣ ደሙ በአንገቱ እየወረደ ጥቂት ነዳ፤ ከዚያ ከመቀመጫው ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

የሞቱ ወሬ በተሰማ በሰዓቱ የክብረት ዘመዶች አክስቴ ጥሩነሽ ቤት ደረሱ። ሀብታሙ ቀድሞ ሸሽቷል። በሩን በመጥረቢያ ፈለጡት። የምትታለበውን ላም የኋላ እግሯን ጅማት ቆርጠው እያጓራች ተዉአት። አክስቴን በፀጉሯ ጎትተው ደጅ አወጡና ልጅሽን አምጪ እያሉ አፏን በጫማ መቱት፤ ሁለት ጥርሷን እዚያው ተፋች። ቤቱን ለኮሱት። እታፈራሁ ከሥራ ስትመለስ ያገኘችው ጭስና ጥርሷን በእፍኟ የያዘች እናቷን ነው። ሦስቱም በተለያየ መንገድ፣ በተለያየ ቀን እኔ ጋ ገቡ። ፖሊስ ሀብታሙን ይፈልገዋል፤ ግን ያ ሰሞን በየከተማው ግርግር የነበረበት ነው፣ ፖሊሱም ፋታ አልነበረውም። ብናስረክበው ደግሞ እስር ቤት ውስጥ ያስገድሉታል ብላ አክስቴ አሻፈረኝ አለች።

ሽማግሌዎች ገቡበት። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ጩማ በመሃል ተመላልሰው ቀን ቆረጡ፦ ከጊፋታ በፊት እርቅ ይደረጋል፣ ከእርቁ በኋላ ሀብታሙ እጁን ለሕግ ይሰጣል። ጊፋታ የዘመን መለወጫችን ነው፤ ቂም ይዞ የሚሻገረው የለም። እስከዚያ ግን ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ሕግ አላቸው። የገዳይ ወገን ገበያ አይወጣም፣ ቤተክርስቲያን አይሄድም፣ ለቅሶ አይደርስም። ከሟች ወገን ጋር አይተያይም፣ አይነጋገርም፣ ከአንድ ውሃ አይጠጣም። ድንገት መንገድ ላይ ቢያጋጥም ፊቱን ሸፍኖ ጫካ ይገባል። ይህን ያፈረሰ ጎሜ ገባ ይባላል፤ ጎሜ የገባበት ቤት ሞት አይወጣለትም። በቤተክርስቲያናችን ጎሜ የሚባል ነገር የለም ይሉናል፣ እኛም አሜን እንላለን። ሆኖም ሄዶ የሚሞክረው ሰው እስካሁን አላየሁም።

እንዲህ ሆኖ ሰኔና ሐምሌ አለፉ። አክስቴ ከእኔ ጋር ትተኛለች። እታፈራሁ የእህሉ መጋዘን ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈላት። ሀብታሙ ጓሮ ባለው የፍየል ቤት ገባ። የሚገርመው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ እታፈራሁን ያንገበገባት ከውጭ የሚመጣው ገዳይ አልነበረም። የገዛ ወንድሟን አላስቀምጥ አለችው። ምግብ ስታቀብለው ሳህኑን ትወረውርለታለች፤ ቀና ብሎ ካያት በጥፊ ትመታዋለች። እሱ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው፣ እጇን ይዞ ሊሰብራት ይችላል፤ ግን ዝም ብሎ ይመታላት ነበር። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ወንፊት ፈልጌ ወደ ጓሮ ስሄድ የፍየል ቤቱ በር ተከፍቷል። ሀብታሙ ተኝቶ ያንኮራፋል። እታፈራሁ የጆንያ ክር የምንቆርጥበትን ቢላ ጉሮሮው ላይ አድርጋ ተንበርክካለች። ቢላውን በስለቱ በኩል ያዝኩት፤ መዳፌ ተተረተረ። ሀብታሙ አልነቃም።

«እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?» አለችኝ። «እኔን ከግንቦት ጀምሮ አልወሰደኝም።»

ከሦስት ቀን በኋላ የዶክተሩ መልእክት ስልኳ ላይ ገባ። የደረሰብንን ምንም አያውቁም። ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች፣ ለታመሙ፣ ለተዘጋባቸው፣ አሥር ቀን በኢንተርኔት ሱባኤ አዘጋጅቻለሁ፣ እንደ ድሮው አብረን እንቀመጥ ይላል። አክስቴ ሰምታ የጣዖት ነገር ቤቴ አይገባም አለች፤ ቤቱ የእኔ መሆኑን ረስታዋለች። እኔም አልወደድኩትም። ነገር ግን መዳፌ ገና አልደረቀም ነበርና ሰይጣንም ቢሆን ይህችን ልጅ አሥር ቀን ያስቀመጠልኝ እንደሆነ ይግባ አልኩ።

ኔትወርክ የሚይዘው በመጋዘኑ በትንሿ መስኮት በኩል ነው። ነሐሴ መጀመሪያ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ስልኳን ጣሳ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። እኔ ካሜራው በማያየኝ ጥግ ሆኜ ባቄላ እለቅማለሁ። ስልኩ ውስጥ አሥራ አንድ ትንንሽ መስኮቶች ተደረደሩ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሰው። አንዲት ወገቧ የተሰበረ ሴት አልጋ ላይ ሆና፣ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ መነኩሴ የመሰለ ሰው። በታችኛው ረድፍ ጌታሁን ነበር።

እታፈራሁ ነጠላዋን አውልቃ ስልኩ ላይ ጣለችው። በነጠላው ሥር ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ሕጉን ይናገራሉ፦ ነፍስ ያለው ነገር አይገደልም፣ ትንኝም ብትሆን፤ አይዋሽም፤ አሥር ቀን ማንም ከማንም አይነጋገርም፤ ዓይን ይጨፈናል፤ ድምፅ ይዘጋል፣ ካሜራው ግን አብረን መሆናችን እንዲታወቅ ክፍት ይሁን። እሷ ይህን እየሰማች ለረጅም ጊዜ አሰበች። ከዚያ የኔን ስልክ ተቀብላ ለአቶ ጩማ ደወለች። ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው አንድ በአንድ ጠየቋት። ውሃ ትጠጣላችሁ? አንጠጣም። ትነጋገራላችሁ? ክልክል ነው። ትተያያላችሁ? ዓይናችን ይጨፈናል።

«አባቶቻችን ስለዚህ ዓይነቱ አልነገሩንም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ካልተያያችሁና ካልተነጋገራችሁ አልተገናኛችሁም። ለክፉ የሚሆን ምን አለው?»

አልፈርድባቸውም። እኔም ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር። ሕጋችን የሟችና የገዳይ ወገን እንዳይተያይ የከለከለው ዓይን ስላለን ነው፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ተመልሶ የሚከፍተው መሆኑን ከመካከላችን ማንም አላሰበም። እታፈራሁ ዓይኗን ጨፍና ነጠላውን አነሳች። ጌታሁን እንደተቀመጠ ነበር፣ እሱም ጨፍኗል።

ስምንት ቀን እንዲህ ተቀመጡ። መዋሸት አልችልም፣ ልጅቷ ተለወጠች። መጀመሪያ ላይ እንባዋ ዝም ብሎ ይፈስ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። ዝምታው ከቤቱም ሰው ጋር ነውና በምልክት ነበር የምትግባባን። ቁንጫ ስትይዝ በሁለት ጣቷ ይዛ ደጅ ታወጣታለች፤ ቁንጫዋም ከእሷ ቀድማ ተመልሳ ትገባለች፣ የምትበላውም እኔን ነው። በአምስተኛው ቀን ለሀብታሙ የተቀቀለ ቦዬና ጎመን በሳህን ይዛ ሄደች። አልወረወረችውም፤ አጠገቡ አስቀምጣ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ልጁ አልቅሶ መዋጥ አቃተው። አክስቴ ይህን በመስኮት አየች፤ ከዚያን ቀን ጀምራ ስለ ጣዖቱ ማጉረምረሟን ተወች። እርቁ ሊደርስ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። አምስት ሳምንት ብቻ ይህ ልጅ በሕይወት ከቆየልን ከሞት ተረፈ እንል ነበር፤ እስሩንስ ይታሰራል፣ ሰው ታስሮ ይወጣል።

በስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለና የመጋዘኑ ጣራ ልክ ፍራሿ በነበረበት በኩል አፈሰሰ። ፍራሹን እኔው ራሴ ጎትቼ ከጆንያዎቹ ክምር ሥር አነጠፍኩላት። ከኋላዋ ደረቅና ሞቃት ግድግዳ ሆነላት። ያን ስሠራ ለእሷ መልካም ያደረግሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ተቀምጣለች፣ እኔ ባቄላዬን እለቅማለሁ። ሀብታሙ በሱባኤው ሰዓት ወደ መጋዘን እንዳይገባ ተነግሮታል። ግን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ፤ የፍየል ቤቱ ክዳን ተነሳበትና ራሱን በክንዱ ሸፍኖ እየሮጠ ገባ። ከእታፈራሁ በስተኋላ ቆሞ የራሰ ሸሚዙን አወለቀ፣ ፊቱን ጠረገበት፣ ቀና አለ። ሳትሰማኝ በእጄ ውጣ አልኩት። ስልኩን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። በአሥሩ መስኮት ሰዎቹ ሁሉ ጨፍነዋል። በአንዱ ዓይን ተከፍቷል። ጌታሁን መጀመሪያ ሀብታሙን አየው፤ ከዚያ የሱቅ ታፔላ እንደሚያነብ ሰው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ከሀብታሙ ጀርባ ጆንያዎቹ ላይ ያለውን ቀይ ፊደል አነበበ። ከዚያ መስኮቱ ጨለመ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። እታፈራሁን ትከሻዋን ነቅንቄ ነገርኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ከሶዶ በዴሳ በሞተር አንድ ሰዓት አይፈጅም። አቶ ጩማ ጋ ደወልን፣ ስልካቸው ዝግ ነው። ፖሊስ ጋ ልደውል ስል አክስቴ ስልኬን ነጥቃ ከግድግዳው ጋር አላተመችው፤ ልጄን ለእስር ቤት ገዳይ አልሰጥም አለች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ጸሎት ጀመረች። እታፈራሁ በራሷ ስልክ ለጌታሁን ደወለች። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሱባኤውንም ሕጉንም አፈረሰችው። አሥራ ሦስት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳም።

ሀብታሙን ሽሽ አልነው። ወደ ቆላ የሚወስደውን መንገድ አሳየሁት። ከዝናቡ ሥር ቆሞ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን፣ መሸሽ ሰልችቶኛል አለ። የባሌን መጥረቢያ ከግድግዳ ላይ አውርዶ ወደ እንሰቱ ውስጥ ገባ።

ጌታሁን ብቻውን መጣ። ሞተሩን አጥር ጥግ ጭቃ ውስጥ ጣለውና ገጀራ ይዞ ወደ በሩ ተራመደ። መሃል ቆምኩበት። ይህን ሰው ሠርግ ቤት አብሬው ጨፍሬያለሁ፣ ስሙን ጠራሁት። በገጀራው ጀርባ ግንባሬን አለኝ። ወደቅሁ፤ ደሙ ግራ ዓይኔን ሞላው። ተራምዶኝ መጋዘን ገባ፤ ጆንያዎቼን በገጀራ ሲዘነጣጥላቸውና ባቄላው ሲዘረገፍ ይሰማኛል። ተጎትቼ ደረጃው ጋ ደረስኩ። እታፈራሁ ከመጋዘኑ ወደ ጓሮ የሚያወጣውን በር ይዛ ቆማለች።

«የት አለ?» አላት።

«ጌታሁን፣ ዘጠኝ ቀን አብረን ተቀምጠናል።»

«ዘጠኝ ቀን ክብረትን ነው ያየሁት» አላት። «ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር። አንቺ ሌላ ነገር ታዪ ነበር?»

ሊያልፍ ሲል የበሩን መቃን በሁለት እጇ ያዘች። ገጀራው መቃኑ ላይ አረፈ። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ባቄላው ላይ ወደቁ። እጇን ጡቷ ላይ ለጥፋ እየተመለከተችው ቀረች። እሱም ለቅጽበት ጣቶቹን አያቸው፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥቶ በዝናቡ ውስጥ ፊቱን ወደ እንሰቱ አድርጎ ቆመና ሀብታሙን ውጣ አለው።

ሀብታሙ ግን እንሰቱ ውስጥ አልነበረም። ቤቱን ዞሮ በኋላው መጣ። ባዶ እግሩን ነው፤ የዝናቡ ድምፅ ኮቴውን በልቶታል። መጥረቢያውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቷል። በአንድ ዓይኔ አየሁት። ሁለት እርምጃ ቀርቶታል። ልናዘዝ፦ አፌን ያዝኩ። ጨርሰው አልኩ በሆዴ።

እታፈራሁ ጮኸች። «ጌታሁን! ኋላህን!»

ጌታሁን ሲዞር ገጀራው አብሮት ዞረ። ሀብታሙን ከአንገቱና ከትከሻው መጋጠሚያ አገኘው። መጥረቢያው ከኋላው ወደቀ፤ ልጁም በጉልበቱ ወረደ፣ በፊቱ ተደፋ፣ በእጁ ጭቃውን ጥቂት ቧጨረ። ሌላ አልነበረም። ጌታሁን ሁለተኛ ጊዜ አልመታውም። ገጀራውን ጣለ፣ ከዚያ ሬሳው አጠገብ ጭቃው ላይ ተቀመጠና ጎረቤት የጠራቸው ፖሊሶች እስኪመጡ አልተነሳም። እታፈራሁ የወንድሟን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ሁለቱ የክንድ ያህል ተራርቀው ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

አክስቴ በቆርቆሮው ላይ ከሚወርደው ዝናብ የተነሳ የሰማችው ጩኸት ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነና ምን እንዳለ አልሰማችም። ስለዚህ እውነቱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ሆንን። እኔ ለፖሊስ ዓይኔን ደም ሸፍኖኝ አላየሁም አልኩ። ጌታሁን የእግሩን ድምፅ ሰምቼ ዞርኩ ብሎ ፈረመ። ያን ለምን እንዳለ አልጠየቅሁትም፤ ለእሷ ብሎ እንደሆነ ግን ይገባኛል። በማግስቱ፣ አሥረኛው ቀን፣ ዝምታው የሚፈታበትና እያንዳንዱ ያገኘውን የሚናገርበት ቀን ነበር። እኛ ሀብታሙን ስንቀብር ዶክተር ሱኒል ጻፉላት፤ የሁለታችሁም መስኮት ጨልሞ ቀረ፣ የኔትወርክ ችግር መሆኑን አውቃለሁ፣ አይዟችሁ ይላል።

መስከረም ላይ፣ ጊፋታ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ እርቁ ተደረገ። ሜዳ ላይ ሁለቱ ቤተሰቦች በሁለት ወገን ተቀመጡ። በዚያ በኩል የጌታሁንና የክብረት አባት አቶ ባዳቾ፣ አንድ ልጃቸው አፈር ውስጥ አንዱ እስር ቤት፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። በዚህ በኩል አክስቴ ጥሩነሽ፣ እታፈራሁ እጇን በፋሻ ጠቅልላ፣ እኔ ከጎኗ። አቶ ጩማ ተነስተው ሁለቱም ቤት አንድ አንድ ቀብሯል፣ ደም ለደም ተመላልሷል፣ እንግዲህ የሚቀር የለም አሉ። ከዚያ የማይቀረውን አሉ፦ ከሁለቱ አንዱ ቤት የደበቀው ነገር ካለ አሁን ያውጣ፤ ተደብቆ የታለፈበት እርቅ ጎሜ ነው፣ ልጆቻችሁን ይበላል።

እታፈራሁ ተንቀሳቀሰች። ጭኗን በጥፍሬ ቆነጠጥኳት። ሆድ ይፍጀው፣ አልኳት በጆሮዋ፣ እሱም ደብቆልሻል፣ እኔም ደብቄልሻለሁ። ተነሳች።

ሀብታሙ ከኋላው መጥቶበት እንደነበር ተናገረች። መጥረቢያውን አንስቶ እንደነበር፣ ጌታሁን አንዳች እንዳልሰማ፣ የጮኸችውና ያዞረችው እሷ መሆኗን ተናገረች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። አቶ ባዳቾ ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት።

አክስቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ልጇ ፊት መጥታ ቆመች። ጥርሷ ስለወለቀ ስትናገር ቃሉ ይሾልክባታል።

«ባትጮኺ ኖሮ ማን ነበር የሚሞተው?»

«ጌታሁን።»

«ታዲያ?»

አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቦታዋ ስትሄድ ወገኖቻችን አንድ በአንድ እየተነሱ ከአክስቴ ጎን ሄደው ተቀመጡ። እታፈራሁ ብቻዋን ቆማ ቀረች። እኔም ከተነሱት አንዷ ነበርኩ።